የአያታችን በገና ይታደስ ወይስ አዲስ ይገዛ?

ዛሬ ደብረ ማርቆስ እናቴ ቤት ተሰቅሎ የኖረውን የአያታችንን በገና አውርደን ለባለሙያ አሳየነው። የገበቴው፣ ማለትም የድምፅ ሳጥኑ፣ ቆዳ ተሰንጥቋል። ከ10ሩ አውታር የቀሩት ጥቂት ናቸው፤ እነሱም ደርቀዋል። ወንድሜ "እህትዓለም፣ ለዚህ ከምታወጪ አዲስ ግዢ" አለኝ። በገንዘብ ከሆነ እውነቱን ነው።

ባለሙያው ግን መጀመሪያ ያየው ቆዳውን አይደለም። ሁለቱን ምሰሶዎችና ከላይ የሚያገናኛቸውን ቀንበር ነው። የበግ አንጀቱ አውታር ይቀየራል። ቆዳውም እርጥብ እያለ ተወጥሮ እንደ አዲስ ይለበጣል። እንዚራውም ይተካል። ያንን ልብ የሚነካ ንዝረት የምትሰጠው እኮ በአውታሩና አውታሩን ደግፎ በሚይዘው ብርኩማ መካከል የምትገባው ይህች ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ናት! እንጨቱ ከጠመመ ወይም በነቀዝ ከተበላ ግን ቅኝት አይዝም። ያኔ ማሳደስ ገንዘብ መጣል ነው። የእኛው እንጨት ደህና ነው፣ ተመስገን።

እኔ ይታደስ ባይ ነኝ። ለጌጥ ብቻ ከሆነ ግን ይቅር፤ በገና የሚደረደር ነገር ነው። ደግነቱ የእህቴ ልጅ መማር ትፈልጋለች። ለዐቢይ ጾም እንዲደርስላት ነገ ጠዋት ቀብድ እከፍላለሁ።