እሳት ከላይ፣ እሳት ከታች፣ ነፋስ በመሀል

የመጀመሪያው ኦቭናችን የኖረው አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ስትመጣ የራሷን ልብስ ከሻንጣ አውጥታ፣ ለእማዬ ብላ ያመጣችው ነበር። መስታወቱ ጥርት ያለ፣ ፊቱ ላይ ቁጥር የሚያበራ፣ ዳቦ የሚጋግር፣ ዶሮ የሚጠብስ፣ ኤር ፍራየርም የሆነ። ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ሰፈር ባለው ቤታችን ጎረቤቶች ለቡና ተጠርተው ተቀምጠዋል። ጠፍጣፋ ጥርሱን በመለወጫ ሶኬት አስማምቼ ሰካሁት። በውስጡ ያሉት ዘንጎች ቀሉ፤ ወዲያው ከቀይ አልፈው ወደ ነጭ የሚጠጋ ብርሃን ሰጡ፤ ሆዱ ውስጥ አንድ ነገር ጧ አለ፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ፤ ቤቱም ጨለመ። «እሰይ፣ በራልን!» አሉ ጎረቤታችን እትዬ፣ ሲኒያቸውን ሳያስቀምጡ።

ያላነበብሁት ጽሑፍ ከጀርባው ተለጥፎ ነበር፦ 120 ቮልት፣ 1,800 ዋት። የእኛ መስመር 220 ቮልት ነው። ሰው ይህን ሲሰማ «ቢበዛ እጥፍ ይሞቅ ይሆናል» ይላል። እንዲያ አይደለም። ቮልቱ ሲጨምር በሽቦው ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክም በዚያው ልክ ይጨምራል፤ ሁለቱ ሲባዙ 1,800 ዋት የነበረው ወደ 6,000 ዋት ዘለለ ማለት ነው። ከእንጀራ ምጣድ የሚበልጥ እሳት በአንዲት ትንሽ ሳጥን ውስጥ! ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ቀድሜ ብገዛስ ኖሮ ብዬ ጠይቄ ነበር። ያን ያህል ዋት ያለማቋረጥ የሚሸከመው ግን ክብደቱ የወፍጮ ድንጋይ፣ ዋጋውም የሌላ ኦቭን ሆኖ አገኘሁት። ያታለለኝ የስልክና የኮምፒውተር ቻርጀር ነው፤ እነሱ ከ100 እስከ 240 ቮልት ያለውን ሁሉ ስለሚቀበሉ፣ ከውጭ የመጣ ዕቃ ጥርሱ ከገጠመ የሚሠራ ይመስለኝ ነበር። አሁን ዘመድ «ምን ላምጣላችሁ?» ሲል፣ ከአሜሪካ ከሆነ የሚያሞቅ ነገር እንዳያመጣ እለምናለሁ።

የሞተውን ኦቭን እማዬ መጣል አልፈቀደችም። መስታወቱ ያሳዝናል ብላ ጓዳ አስቀመጠችው።

ሁለተኛውን በገንዘባችን ስንገዛ ግን ነገሩን ከሥሩ ማወቅ ፈለግሁ። ኤር ፍራየር የሚባለው ምንድን ነው? ስሙ መጥበሻ ይላል እንጂ የሚጠብስ ዘይት የለውም፤ ትንሽ ኦቭን ሆኖ ኃይለኛ ማራገቢያ የተገጠመለት ነው፣ አበቃ። ለሰሜን ሸዋ ሰው ይህን ማስረዳት ቀላል ነው። ጣርማ በር ላይ ከመኪና የወረደ ሁሉ ብርድና ነፋስ የጨመረ ብርድ እንደሚለያዩ ያውቃል፤ ነፋሱ ገላችን ያሞቀውን አየር እየገፈፈ ስለሚወስድ ብርዱ አጥንት ይገባል። ኦቭን ውስጥም ሥራው ያው ነው፣ ወደ ሌላው አቅጣጫ ብቻ። ድንቹን የከበበውን እርጥብና ቀዝቃዛ አየር ማራገቢያው እየገፈፈ ትኩሱን ያቀርብለታል። በዚህ ምክንያት ቆዳው ቶሎ ይደርቃል፣ ይጠበሳልም።

እማዬ ይህን ሁሉ ሰምታ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች። «ከታችስ እሳት አለው?»

ይህን ጥያቄ አንድም ሻጭ ሲያነሣው አልሰማሁም። የእማዬ ድፎ ዳቦ በመንዝ ሥርዓት ከታችም ከላይም በኩበት ፍም የሚጋገር ነው። «ከላይ ብቻ የነደደበት ቂጥ የለውም፤ ከታች ብቻ የነደደበት ደግሞ እንጀራ ነው» ትላለች። እንደ መሳቢያ ተስቦ የሚወጣ ቅርጫት ያላቸው ኤር ፍራየሮች በአብዛኛው ማሞቂያቸው ከላይ ብቻ ነው። ለድንችና ለዶሮ ብልት ያ ይበቃል፤ ወፍራም ዳቦ ግን አናቱ ጠቁሮ ሥሩ ሊጥ ይቀራል። ከፊታቸው በር ያላቸውም ቢሆኑ ሁሉም ከታች ዘንግ የላቸውም። በሩን ከፍቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ከትሪው በታች ዘንግ መኖሩን በዓይን ማየት ነው።

ገበያ የሄድነው አዲስ አበባ ነው፤ 130 ኪሎ ሜትር በሚኒባስ። እማዬ የዳቦ መጋገሪያዋን በፌስታል ጠቅልላ ይዛ መጣች። አፍሬ ነበር፣ አልዋሽም። ሱቅ ውስጥ ገብታ ፌስታሉን ስትፈታ ሻጩ ሳቀ። «እማማ፣ 25 ሊትር ነው እኮ፣ ሙሉ ዶሮ ይገባበታል» አላት። «ዶሮውን ተወው ልጄ፤ ይህን አስገባልኝ» አለችው። መጋገሪያዋ ዳር እስከ ዳር 30 ሳንቲ ሜትር ነው። ገባ፤ በሩ ግን አልዘጋ አለ፣ ሁለት ጣት ያህል ወደ ውጭ ቀረ። ሊትር የሚባለው ቁጥር ትሪ የማይደርስበትን ጥግና ጣሪያ ሁሉ ደምሮ የተሰላ ነው፤ ስለ ወለሉ ስፋት የሚናገረው ነገር የለም። ቀጥሎ እጇን አስገብታ ከታችኛው መደርደሪያ እስከ ላይኛው ዘንግ በስንዝር ለካች። ዳቦ ኩፍ ሲል ወደ ላይ ይሄዳል፣ ዘንጉ ደግሞ አይሸሽም። ስንዝር ያልሞላውን ሁሉ «ይህ ለቂጣ ነው» እያለች አለፈችው። ሳቁን የተወው ሻጭ በኋላ ራሱ ሜትር ይዞ ይከተላት ጀመር።

45 ሊትር የሚለውን ትልቁን እኔ ወድጄው ነበር። ማራገቢያ የለውም፣ 2,000 ዋት ይስባል፣ ለሦስት ሰው ቤት ደግሞ ግማሹ ባዶ ሆኖ ሁልጊዜ የሚሞቅ ጎተራ ነው። የወሰድነው 32 ሊትር፣ 1,600 ዋት፣ ከላይ ሁለት ከታች ሁለት ዘንግ ያለው ነው። ለምርጫው የወሰነን አንዲት ቁልፍ ናት፤ ታች ብቻ፣ ላይ ብቻ፣ ሁለቱም፣ ሁለቱም ከነማራገቢያው ተብሎ ይዞርባታል። ማራገቢያውን ለብቻ ማጥፋት የማይቻልበትን ኦቭን ዳቦ ለሚጋግር ሰው አልመክርም። ነፋስ የዳቦውን ፊት መሀሉ ሳይነሣ ያደርቀዋል፤ ደርቆም ይሰነጠቃል።

በቁጥር የሚያበራውን ትተን በእጅ የሚዞረውን የመረጥነው መብራት ስለሚጠፋ ነበር። ግማሽ ልክ ነበርሁ። ዲጂታሉ መብራት ሲመጣ ሁሉን ረስቶ ባዶ ዓይኑን ያፈጣል፣ ይህ እውነት ነው። የእኛው ሰዓት ደግሞ በሞላ የሚሠራ ስለሆነ መብራቱ ቢጠፋም መቁጠሩን አያቆምም። አንድ እሑድ 40 ደቂቃ ሞልቼ ገበያ ወጣሁ፤ ስመለስ ሰዓቱ ጨርሶ ደውሏል፣ ዳቦው ግን ለብ እንዳለ ሊጥ ነው። ቢሆንም በእጅ የሚዞረውን እመርጣለሁ፤ ቢበላሽ የሰፈራችን ጠጋኝ ፈትቶ ያየዋል፣ የዲጂታሉን ሰሌዳ ግን ከየት ያመጣዋል?

ቤት ከገባ በኋላ ያልጠበቅሁት ወጪ መጣ። በመጀመሪያው ቀን ማከፋፈያ ላይ ሰካሁት፤ ከሃያ ደቂቃ በኋላ የማከፋፈያው ሽቦ እጅ የማያስነካ ሆነ። 1,600 ዋት በ220 ቮልት ከ7 አምፔር በላይ ነው፤ በቀጭን ሽቦ ለአንድ ሰዓት ሲሄድ ፕላስቲኩ ይለሰልሳል። በሦስተኛው ቀን እማዬ እንጀራ ስትጋግር ኦቭኑን ከፈትሁ፣ ብሬከሩ ወደቀ። ምጣዱ ብቻውን ከ3,000 ዋት በላይ ይወስዳል። በዚያ ላይ እርጥብ እጄን የኦቭኑ ጎን ላይ ሳሳርፍ ነዘረኝ፤ የማድ ቤቱ ሶኬት ኧርዝ፣ ማለትም ያመለጠ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርድ ሽቦ፣ አልነበረውም። የጠራናቸው ኤሌክትሪሺያን ሽማግሌ ናቸው፤ ሶኬቱን ፈትተው አይተው «የኔ ልጅ፣ ኦቭን የገዛሽው ከሽቦው በፊት ነው» አሉኝ። 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ከቆጣሪው ለብቻው ስበው፣ ባለ 16 አምፔር ብሬከርና ኧርዝ አስገቡልን። ስለዚህ ዋጋ ስታሰሉ ይህን ካርቶኑ ላይ ካለው ዋጋ ጋር ደምሩት።

ባዶውን ለሩብ ሰዓት ማንደድ እንደሚገባ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል፤ መስኮት ከፍታችሁ አድርጉት፣ የፋብሪካው ቅባት ሲቃጠል ያስለቅሳል። ጣሪያውም ይግላል። እማዬ አንድ ቀን የስፌት ክዳን አኑራበት ሥሩ በጠባሳ ተዥጎረጎረ፤ ክዳኑን እስካሁን ጠባሳውን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው የምትሰቅለው።

አሁን ወደ ምግቡ ልምጣ። ድንች አሸነፈ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እሳቱን ብትቆሰቁሱትም ድስቱ ከዚያ አያልፍም፤ ድንች መቀቀል የትዕግሥት ፈተና የሚሆነውም በዚሁ ነው። ኦቭኑ ግን አየሩን 200 ያደርሰዋል። ድንቹን በጣት ውፍረት መክተፍ፣ ነጭ ውሃው እስኪጠራ ማጠብ፣ በጨርቅ ማድረቅ፣ በአንድ ማንኪያ ዘይት ማሸት፣ ሳይደራረብ መዘርጋት። መደራረቡ ነው ብዙ ሰው የሚያበላሸው፤ የተደራረበ ድንች በራሱ እንፋሎት ይቀቀላል። ወረቀቱ 18 ደቂቃ ይላል፣ የእኔ ግን ከ25 በታች ቡናማ ሆኖ አያውቅም። የደጋ አየር ስስ ነው፤ ስስ አየር የሚሸከመው ሙቀትም ያነሰ ነው። በጾም ወራት ግማሽ ሊትር ዘይት ድስት ላይ እናፈስ የነበረውን ሳስብ ይህ ብቻውን ይበቃኛል።

ሳምቡሳው አላሳመነኝም። ዘይት ቀብቼው ተጠበሰ፣ ጥርስ ላይም ተሰበረ፤ ግን ከጾም ብስኩት አይለይም። ቦንቦሊኖ ጨርሶ አትሞክሩት፤ ለስላሳ ሊጥ በወንፊቱ ቀዳዳ ሾልኮ ይንጠባጠባል። የአበሻ አውራ ዶሮም ለድስት የተፈጠረ ነው፤ እዚህ ቆዳው ያምራል፣ ሥጋው ግን ጥርስ ይፈትናል።

ቆሎው ጉድ አደረገኝ። ገብስ ነውና ሰፈሩን ሁሉ አስቀናለሁ ብዬ ትሪ ላይ በትኜ ማራገቢያውን ከፈትሁ። ገለባው በነነ። በመስታወቱ ውስጥ እንደ ውርጭ ሲሽከረከር አየሁት፤ ከዚያ አንዷ ዘንጉ ላይ አረፈች፣ እንደ ኮከብ በርታ ጠፋች፤ ቀጥሎ አሥር፣ ቀጥሎ መቶ። ጭሱ ማድ ቤቱን ሲሞላ እትዬ በአጥር በኩል «ዛሬም በራላችሁ?» አሉ። ማራገቢያውን አጥፍቼ ስደግመው ደግሞ የታችኛው አረረ፣ የላይኛው ጥሬ ሆነ። ቆሎ በእጅ መታመስ አለበት። የደብረ ሲናን ቆሎ በጉዞ ላይ እየገዛን ብንቀጥል ምን ነበረበት!

ድፎው ለማማር አራት ሳምንት ፈጀ። ከታች እያረረ ሦስቱን ለውሻ ሰጠን። በመጨረሻ ኦቭን ውስጥ የሚቀመጥ ቴርሞሜትር ገዝቼ ሳስገባ ቁልፉ 180 ሲል ውስጡ 210 ነበር። እማዬ በጥፍር ቀለም ትክክለኛው ቦታ ላይ ቀይ ነጥብ አደረገችበት፤ ከዚያ ወዲህ ቁጥሩን የሚያየው የለም። አሁን የምታደርገው እንዲህ ነው፦ ማራገቢያው ጠፍቶ፣ መጀመሪያ ታች ብቻ ለሃያ ደቂቃ፣ ቀጥሎ ሁለቱም፣ ሊወጣ ሲል ላይ ብቻ አምስት ደቂቃ። በፍም ሲጋገር የነበረውን የእሳት አገባብ ወደ ቁልፍ ቀየረችው ማለት ነው። የኩበቱ ጭስ ሽታ እንደሚጎድለው አልክድም፤ እሷም አትክድም።

አንድ ችግር ቀርቶ ነበር። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ሊጡ ሌሊቱን ሙሉ አድሮም ኩፍ አይልም። አንድ ጠዋት ጓዳ ስገባ የሞተው የአሜሪካ ኦቭን በር በላብ ተሸፍኗል። ከፈትሁት። እማዬ ትኩስ ውሃ የሞላ ኩባያ ከታች፣ የሊጡን ጎድጓዳ ሳህን ከላይ አድርጋበታለች፤ ሊጡ ክዳኑን ገፍቶ አናቱ ታይቷል። በሩ ሲዘጋ ድምፅ የማያሰማው ለካ ሙቀትም አያስወጣም። «ዝጊው፣ ብርድ ታስገቢበታለሽ» አለችኝ ከኋላዬ።