የቤት ሥሪት ሲኤንሲ ራውተር፦ መጀመሪያ ፍሬሙ

በኮምፒውተር የሚታዘዘው የእንጨት መቁረጫ ማሽኔ አሁን ይቆርጣል። 18 ሚሊ ኤምዲኤፍ (የተጨመቀ የእንጨት ሰሌዳ) በንጹሕ ጠርዝ ያወጣል፣ ዋንዛ ላይም ሐረግ ይፈለፍላል። እዚህ እስኪደርስ የተማርኩትን ላካፍላችሁ፤ በተለይ ለመጀመር አስባችሁ ሞተርና ቦርድ እያማረጣችሁ ላላችሁ። ምክሬ አንድ ነው፦ ገንዘባችሁንም ጊዜያችሁንም በቅድሚያ ፍሬሙ ላይ አውሉ።

ኤሌክትሮኒክሱ ብዙ ሰው ያስፈራል፤ ግን መንገዱ የተጠረገ ነው። አርዱኢኖ ኡኖ የሚባለው ትንሽ ቦርድ፣ እሱ ላይ ተጭኖ ሞተሮቹን የሚያዝዘውና በነጻ የሚገኘው ሶፍትዌር ጂአርቢኤል፣ ኔማ 23 ስቴፐር ሞተሮች (በትንንሽ እርምጃ የሚዞሩ)፣ ድራይቨሮቻቸውና ፓወር ሰፕላይ። ሽቦ አያያዙን የሚያሳይ ቪዲዮ ሞልቷል። የሚወዛወዝን ብረት ግን የትኛውም ሶፍትዌር አያስተካክለውም።

ፍሬም ሲባል መጠን መወሰን ይቀድማል። ገበያ ላይ ያለው ኤምዲኤፍ 122 በ244 ሴንቲ ነው። ሙሉውን የሚችል ማሽን መሥራት ያጓጓል። እኔ ግን አንዱ ሉህ ለአራት ሲከፈል የሚወጣውን 61 በ122 መረጥኩ። ምክንያቱ ጋንትሪው ነው፤ ራውተሩን፣ ማለትም ስለቱን የሚያሽከረክረውን ሞተር፣ ተሸክሞ የሚሄደው ድልድይ። የድልድይ ርዝመት በእጥፍ ሲጨምር፣ በዚያው ጭነት የሚጎብጠው 8 እጥፍ ነው። ስለዚህ ጋንትሪው በአጭሩ ጎን፣ በ61ዱ በኩል ተዘረጋ። የበር ፓነልም፣ የቲቪ ማስቀመጫ ፊትም በዚህ መጠን ይሠራል።

ብረቱን ምን አለሽ ተራ ነው ያገኘሁት፤ 60 በ40፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ የሆነ አርኤችኤስ (ውስጡ ክፍት የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት)። ብየዳ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ብረት ተበይዶ ሲቀዘቅዝ ይሳባል፣ ፍሬሙንም ይዞት ይጣመማል። መጀመሪያ ሁሉንም ማዕዘን ነጥብ ነጥብ አስያዝን፣ ከዚያ ከአንዱ ማዕዘን ወደ ተቃራኒው እየተዘዋወርን ጥቂት ጥቂት በየድን። የጋንትሪውን ሁለት ጎኖች ደግሞ ቶርኖ ቤት ወስጄ፣ አንዱን በሌላው ላይ አስሮ በአንድ ላይ እንዲበሳቸው አደረግሁ። ቀዳዳዎቹ ቁርጥ አንድ ሆኑ። ጋንትሪው የሚንሸራተትበት ሬይል የሚቀመጥበት ቦታ ዝቅ ያለበት ላይ ከለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮ የተቆረጠ ስስ ጠፍጣፋ ሥር ሥሩ አስገባሁ። የቆርቆሮው ውፍረት ወደ 0.1 ሚሊ ነው፤ ለዚህ ሥራ ልክ ነው።

ስኳድራ መሆኑን የማየው በራሱ በማሽኑ ነው። 50 በ100 ሴንቲ የሆነ አራት ማዕዘን ጫፎች ላይ አራት ቀዳዳ እንዲበሳ አዘዋለሁ። ሁለቱም ዲያጎናል 111.8 ሴንቲ መምጣት አለባቸው። አንዱ ከበለጠ ጋንትሪው ዘሟል ማለት ነው፤ አንዱን ጎን ገፋ አድርጎ እንደገና መብሳት።

ቀጥሎ የክብ ፈተና። ይህን እባካችሁ አትዝለሉት። ትንሽ ክብ ቆርጣችሁ ጠርዙን በጣታችሁ ዳስሱት። ከላይ፣ ከታች፣ ከቀኝና ከግራ፣ ማሽኑ አቅጣጫ የሚቀይርባቸው አራት ቦታዎች ላይ ትንሽ ጠፍጣፋ ወይም ደረጃ ከተሰማችሁ የሆነ ቦታ ልቅነት አለ። ብዙ ሰው ወዲያው ቦልስክሩን፣ እየዞረ ጋንትሪውን የሚገፋውን ጥርሳም ዘንግ፣ ይወቅሳል። እኔ ግን ዳያል ጌጅ (ጥቃቅን እንቅስቃሴ በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ) ተክዬ ጋንትሪውን በእጄ ስገፋው፣ መርፌው ሲንቀሳቀስ ቦልስክሩም አብሮ ወደፊትና ወደኋላ ይል ነበር። ስለዚህ የላላው ጫፉ ላይ ያለው ኩሽኔታ ነበር። ዳዶው ሲጠብቅ ክቡ ክብ ሆነ። ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ካፕሊንግ ላይ ያሉትን ትናንሽ ብሎኖችም አብራችሁ እዩ።

ስለ ፍጥነት። ጀማሪ ፈርቶ ቀስ ብሎ ይቆርጣል፣ እንጨቱም ይቃጠላል። ስለቱ ካልነከሰ ይፈትጋል፣ ሲፈትግ ይግላል። ሒሳቡ ቀላል ነው። ራውተሩ በደቂቃ 18,000 ዙር ይሽከረከር፣ ፑንታው ሁለት ስለት ይኑረው፣ እያንዳንዱ ስለት 0.1 ሚሊ ይንከስ። ሲባዛ በደቂቃ 3,600 ሚሊ ይመጣል። ማሽናችሁ ይህን ካልቻለ የራውተሩን ዙር ቀንሱት፤ በ10,000 ዙር 2,000 ሚሊ ይበቃል። ዋንዛ ላይ የሚወጣው ፍቅፋቂ ከሆነ ጥሩ ነው። ዱቄት ከሆነና የቃጠሎ ሽታ ካለው ቀርፋፋ ናችሁ።

መብራትስ? መሄዱ አይቀርም። ሲሄድ ጂአርቢኤል የት እንደነበረ ይረሳል፤ ጂ54 በሚባለው ትእዛዝ የያዛችሁት የሥራ ዜሮ (ልኬቱ የሚቆጠርበት መነሻ ነጥብ) ግን ቦርዱ ላይ ተጽፎ ስለሚቀመጥ አይጠፋም። ሊሚት ስዊች (ማሽኑ የመንገዱ ጫፍ ሲደርስ የሚነካው ማብሪያ) ካላችሁ፣ መብራት ሲመለስ ራውተሩን ከእንጨቱ በእጅ አውጥታችሁ ሆም ታስደርጉታላችሁ (ስዊቹን ነክቶ ያለበትን ያውቃል)፣ ከዚያ ከቆመበት የትእዛዝ መስመር ትንሽ ወደኋላ ብላችሁ ታስቀጥላላችሁ። ትእዛዙን የሚልከው ላፕቶፕ በባትሪ ስለሚቆይ የመስመሩ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ይጠብቃችኋል። ሊሚት ስዊች ርካሽ ነው፤ ለኛ አገር ግን ግዴታ ነው እላለሁ። ገመዱን ከራውተሩ ገመድ አርቁት፣ አለዚያ ሳይነካ ተነካሁ ይላል።

አሁን የቀረኝ የአቧራው ነገር ነው። የእንጨት አቧራ ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ነው፤ የኤምዲኤፍ ደግሞ ደቃቅ ነው፣ ማጣበቂያውም ፎርማልዲሃይድ አለበት። ለጊዜው ጥሩ ማስክና ክፍት በር ይዤ ነው የምሠራው። ከቫኪዩሙ በፊት ሰጋቱራውን የሚያስቀር ሳይክሎን ከላሜራ ልሠራ ነው። የሠራችሁ ካላችሁ የሾጣጣውን ልኬትና የቱቦውን ስፋት ብታካፍሉኝ ደስ ይለኛል።