በኔቫዳ የተቀራረበውን የአጋማሽ ዘመን ምርጫ ለወገኖቼ ያስረዳሁበት መንገድ

እ.ኤ.አ. በ2022 አጋማሽ ላይ በላስ ቬጋስ የምንኖር ጥቂት ኢትዮጵያውያን ለኖቬምበር 8ቱ ምርጫ በአማርኛ አጭር መመሪያ ለማዘጋጀት ስንስማማ፣ የዕጩዎቹን ክፍል የመጻፍ ኃላፊነት ለእኔ ተሰጠኝ። መመሪያው ያስፈለገበት ምክንያት ግልጽ ነበር። የፌዴራሉ የመምረጥ መብት ሕግ የምርጫ ወረቀት እንዲተረጎም የሚያስገድደው ለስፓኒሽ፣ ለእስያ እና ለአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ቋንቋዎች ብቻ ነው፤ በዚህም መሠረት ላስ ቬጋስ የምትገኝበት የክላርክ ካውንቲ ወረቀት ከእንግሊዝኛ ሌላ በስፓኒሽና በፊሊፒኖ ይዘጋጃል። አማርኛ ተናጋሪው ቁጥሩ የቱንም ያህል ቢበዛ በዚያ ሕግ ሊካተት አይችልም። በመሆኑም ታክሲ ነጂውም ሆነ በሆቴል ሃውስኪፒንግ የምትሠራው እናት ወረቀቱን የሚረዱት ልጆቻቸው ወይም ጓደኞቻቸው በነገሯቸው ልክ ነበር።

የወረቀቱ ርዝመት የመጀመሪያው ችግር ሆነብኝ። ከሴኔተር ጀምሮ እስከ ዳኞችና የትምህርት ቦርድ አባላት ድረስ በርካታ ውድድሮችን የያዘ ስለሆነ፣ ሁሉንም እኩል ለማብራራት ብሞክር ማንም የማያነበው ጥራዝ ይወጣ ነበር። ስለዚህ አሸናፊያቸው አስቀድሞ ያልታወቀውን ውድድሮች ብቻ በሰፊው ለመጻፍ ወሰንኩ፦ የሴኔቱን፣ የአገረ ገዥውን እና በላስ ቬጋስ ዙሪያ ያሉትን ሦስት የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች።

የሦስቱ መቀመጫዎች ጉዳይ ትንሽ ታሪክ ይጠይቃል። በ2021 ዴሞክራቶች አብላጫ የያዙበት የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት የምርጫ ክልሎቹን ካርታ እንደገና ሲያወጣ፣ ለዴሞክራቷ ተወካይ ለዳይና ታይተስ አስተማማኝ ከነበረው 1ኛ ክልል የዴሞክራት መራጮችን ቀንሶ ለፓርቲ ባልደረቦቻቸው ለሱዚ ሊ 3ኛ እና ለስቲቨን ሆርስፎርድ 4ኛ ክልል አካፈለ። ዓላማው አንድ የማይነቃነቅ ወንበር ከመያዝ ይልቅ ሦስቱንም በጠባብ ልዩነት ማሸነፍ ነበር፤ ታይተስ ራሳቸው ውሳኔውን በአደባባይ በኃይለኛ ቃል ተቃውመውታል። በመጨረሻ ሦስቱም አሸንፈዋል። ለእኛ አንባቢ ግን ከፖለቲካው ስሌት የበለጠ የሚያስፈልገው ቀላል ነገር ነበር፤ ቤቱን ሳይቀይር ክልሉ የተቀየረበት ብዙ ሰው ስለነበረ፣ መመሪያውን በዕጩ ስም ሳይሆን በመኖሪያ አድራሻ አስጀመርኩት።

ስለ ዕጩዎቹ ስጽፍ አንድ ደንብ አወጣሁ። በሹመት ላይ ሳሉ ያደረጉትን፣ ድምፅ የሰጡበትን ወይም የፈረሙትን ሕግ ጠቅሼ ልጽፈው የማልችለውን ነገር አላስገባም አልኩ። በሴኔቱ ውድድር ይህ ደንብ በሚገባ ሠራ፤ ምክንያቱም ዴሞክራቷ ሴኔተር ካትሪን ኮርቴዝ ማስቶ እና ሪፐብሊካኑ ተቀናቃኛቸው አዳም ላክሳልት ሁለቱም የኔቫዳ ዋና ዐቃቤ ሕግ የነበሩ፣ እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2015 ላክሳልት ቢሮውን ከእርሳቸው የተረከቡ ናቸው። በአንድ ወንበር ላይ የተቀመጡ ሁለት ሰዎችን ሥራ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ከማስታወቂያ ሁሉ ይበልጥ ይናገራል። በአንጻሩ የላክሳልት 14 ዘመዶች ተቀናቃኛቸውን መደገፋቸው በጊዜው ትልቅ ወሬ ሆኖ ሳለ፣ እኔ አላስገባሁትም። የቤተሰብ ገመና ስሜት ይቀሰቅስ እንደሆነ እንጂ፣ ሴኔተሩ ስለ ቤንዚን ዋጋ ወይም ስለ ኢሚግሬሽን ምን እንደሚያደርጉ ለመራጩ አይነግረውም።

የአገረ ገዥው ውድድር ከሁሉም በላይ ያስተማረኝ ነው። በ2020 በኮሮና ምክንያት አገረ ገዥ ስቲቭ ሲሶላክ ካዚኖዎቹ እንዲዘጉ ሲያዝዙ፣ በኔቫዳ ከአራት ሠራተኞች ከአንድ የሚበልጠው ሥራ አጥ ሆኖ ነበር። ታክሲ ነጂዎቻችን ያን ጊዜ አልረሱትም። የሪፐብሊካኑ ዕጩ ጆ ሎምባርዶ የክላርክ ካውንቲ ሸሪፍ ስለነበሩም ለላስ ቬጋስ ሰው እንግዳ አልነበሩም። ከነጂዎቹ ጋር በተነጋገርኩ ቁጥር «ለገዥነት ሎምባርዶን፣ ለሴኔት ሴትዮዋን» የሚሉ አጋጠሙኝ፤ ፓርቲን እንደ ጎሳ የሚቆጥሩ ወዳጆቼ ይህን ግራ መጋባት ነው ቢሉም፣ እኔ ግን ሰውየው ወረቀቱን በሚገባ እንዳነበበ ምልክት አድርጌ ወሰድኩት። ሲቆጠርም የሆነው ይኸው ነው። ሎምባርዶ በ15 ሺህ ገደማ ድምፅ ሲያሸንፉ፣ ሲሶላክ በዚያ ዓመት በሥልጣን ላይ ሳሉ የተሸነፉ ብቸኛው አገረ ገዥ ሆኑ፤ በዚያው ወረቀት ላይ ግን ዴሞክራቷ ሴኔተር ወንበራቸውን አስጠበቁ።

የአገር ቤቱ ጦርነት በየስብሰባው ይከተለን እንደነበር መሸሸግ አይገባም። በዚያ ዓመት ፌብሩዋሪ በተወካዮች ምክር ቤት የቀረበው ኤች አር 6600 የተባለው ረቂቅ ኢትዮጵያን የሚመለከት ማዕቀብ የያዘ ስለነበር፣ ከፊሉ ወገናችን ሲያወግዘው ከፊሉ ይደግፈው ነበር፤ አብረው የሚሠሩ ሰዎች በዚያ ምክንያት ሰላምታ አቁመዋል። መመሪያው ለሁሉም መድረስ ስለነበረበት፣ የኔቫዳ ዕጩዎች ስለ ኢትዮጵያ የተናገሩትን በተለየ ክፍል ለማስፈር የቀረበውን ሐሳብ ተቃወምኩ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስናድል ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልግ ነበር፤ ከ1954 ጀምሮ የፌዴራሉ የግብር ሕግ ከግብር ነፃ የሆኑ የሃይማኖትና የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ዕጩን እንዲደግፉ ወይም እንዲቃወሙ አይፈቅድም። አንድ የሰበካ ጉባኤ አባል መመሪያውን ሙሉውን ካነበቡ በኋላ «ማንን እንደምትመርጥ አላወቅሁብህም» ሲሉኝ፣ የምፈልገው ምስጋና እርሱ ነበር።

ረቂቁን በየቤቱ ስናስነብብ ግን ከዕጩዎቹ ይልቅ ስለ አሠራሩ የሚጠይቀው በዛ። ኔቫዳ ለተመዘገበ ንቁ መራጭ ሁሉ ወረቀቱን በፖስታ ትልካለች፤ መልሶ የሚልክ ሰው ፖስታው ላይ ይፈርማል፣ ፊርማውም በመዝገብ ካለው ጋር ይመሳከራል። አንዲት እናት «ልጄ፣ እኔ የምፈርመው በአማርኛ ነው፤ ጥፋት ይሆንብኛል?» ብለው ጠየቁኝ። «ጥፋት የለውም እማማ፤ መታወቂያ ሲያወጡ በእንግሊዝኛ ፈርመው ከሆነ ግን አይመሳሰልም ብለው ሊያቆዩብዎት ይችላሉ» አልኳቸው። መታወቂያቸውን አውጥተው አዩት፤ በልጃቸው እርዳታ የጻፉት የእንግሊዝኛ ፊርማ ነበር። ከዚያ በኋላ ስለ ፊርማ የሚያስረዳውን ክፍል ከመጨረሻው ገጽ አንሥቼ ወደ ፊት አመጣሁት፤ ፊርማው ያልተመሳሰለለት ሰው ይደወልለታል፣ እስከ ኖቬምበር 14 ማንነቱን ካረጋገጠም ድምፁ ይቆጠራል የሚለውን በደማቅ ፊደል አሳተምኩት። ማንበብ የማይችል መራጭ የፈለገውን ሰው ረዳት አድርጎ መግባት እንደሚችል፣ ረዳቱ ግን አሠሪው ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ወኪል ሊሆን እንደማይችልም ጻፍኩ። ዜግነት ያላገኘ የግሪን ካርድ ባለቤት በስሕተት እንኳ እንዳይመዘገብ የሚያስጠነቅቀው ዐረፍተ ነገር አጭር ቢሆንም፣ ምናልባት ከመመሪያው ሁሉ እጅግ ጠቃሚው እርሱ ነው።

የቆጠራው ሳምንት ትዕግሥትን የሚፈትን ነበር። እስከ ምርጫው ቀን የፖስታ ማኅተም የተመታበት ወረቀት እስከ ቅዳሜ ኖቬምበር 12 ቢደርስ እንኳ ይቆጠራል፤ ዘግይቶ የሚመጣው የፖስታ ድምፅ ደግሞ በአብዛኛው ከክላርክና ከዋሾ ካውንቲ ነው። ይህን አስቀድሜ በመመሪያው ስላሰፈርኩት፣ ረቡዕ ላክሳልት ሲመሩ «አለቀ» የሚሉትም ሆኑ፣ ልዩነቱ መጥበብ ሲጀምር «እየተሰረቀ ነው» የሚሉት፣ በአውሮፕላን ማረፊያው የታክሲ ወረፋ ላይ መልስ የሚሰጣቸው አላጡም። ዓርብ ማታ ልዩነቱ ከ1 ሺህ በታች ወረደ፤ ቅዳሜ ማታ የኮርቴዝ ማስቶ ማሸነፍ ተነገረ፤ በእርሳቸው ወንበርም ዴሞክራቶች ሴኔቱን በእጃቸው አቆዩ። የመጨረሻው ልዩነት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ድምፅ ውስጥ 7,928 ብቻ ነበር። ኔቫዳ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በወረቀቷ ላይ «ከእነዚህ ዕጩዎች አንዱንም አልመርጥም» የሚል ምርጫ አላት፤ በዚህ ውድድር ያንን የመረጡት 12,441 ናቸው። ከአሸናፊዋ ብልጫ የሚበልጥ ሕዝብ ሁለቱንም አልፈልግም አለ ማለት ነው፤ ይህን አማራጭ የሚመርጠው ቢበዛ እንኳ ማንንም ከወንበር እንደማያስቀር ግን ብዙ ሰው አያውቅም።

ከሌሎች ክፍለ ግዛቶች የመጣው ውጤት ትንበያን እንዴት ማንበብ እንዳለብኝ አስተማረኝ። በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት 3ኛ ክልል ፋይቭ ሰርቲ ኤይት የተባለው የምርጫ ትንበያ ድረ ገጽ ለሪፐብሊካኑ ጆ ኬንት ከ100 ውስጥ 98 ዕድል ሰጥቶ ሳለ ያሸነፉት ዴሞክራቷ ማሪ ግሉሰንካምፕ ፔሬዝ ናቸው፤ በኮሎራዶ ለሽንፈት ይቀርባሉ ብሎ ማንም ያልጠረጠራቸው ሪፐብሊካኗ ተወካይ ሎረን ቦበርት የዳኑት በ546 ድምፅ ነው። በኒው ጀርሲ 7ኛ ክልል የኤች አር 6600 አቅራቢ ዴሞክራቱ ቶም ማሊኖውስኪ በሪፐብሊካኑ ቶም ኬን ጁኒየር ሲሸነፉ፣ ከወገኖቻችን አንዳንዶቹ «እኛ ጣልናቸው» ብለው ደስታቸውን ገለጹ። ለዚህ ማስረጃ አላየሁም። ክልላቸው እንደገና ሲከለል ይበልጥ ሪፐብሊካን ሆኖ ነበር፤ በአክሲዮን ግብይታቸው ላይም የሥነ ምግባር ምርመራ ተከፍቶባቸው ነበር። ዕጩው የወደቀበትን ምክንያት ከካርታው ሳይጀምር የሚተነትን ሰው ስሰማ አሁን ዝም ብዬ አልፈዋለሁ።

ለቀጣዩ ምርጫ መመሪያውን ስናድስ ብዙው ክፍል እንዳለ ይቀራል። የመንጃ ፈቃድ ሲወጣ ምዝገባው በራሱ ስለሚካሄድ ከወገኖቻችን ብዙዎቹ ሳያውቁት ከፓርቲ ውጭ ሆነው ተመዝግበዋል፤ ፕራይመሪውን፣ ማለትም የፓርቲዎቹን የዕጩ መምረጫ ዙር፣ ለሁሉም ሊከፍት የነበረውና ለሕዝብ ድምፅ የቀረበው ጥያቄ 3 በ2022 ቢያልፍም በ2024 ስለወደቀ፣ እነርሱ ዛሬም የፓርቲዎቹን ዕጩዎች በመምረጥ አይሳተፉም። የሚቀየር ከሆነ የፊርማው ገጽ ነው። በ2024 መራጩ በሰፊ ብልጫ የደገፈው ጥያቄ 7 በ2026 ዳግም ካለፈ፣ በፖስታ የሚመርጥ ሰው የመንጃ ፈቃዱን ወይም የሶሻል ሴኩሪቲውን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች መጻፍ ይኖርበታል። የገጹን አዲስ ረቂቅ ጽፌ አስቀምጫለሁ፤ ወደ ማተሚያ ቤት የሚሄደው ግን ከዚያ ድምፅ በኋላ ነው።