ጨዋታው ጨዋታውን ሲበላው

በአማርኛ ወግም ጨዋታ ነው፣ ዳይስ መጣልም ጨዋታ ነው። ለሃያ ዓመት የሚተዋወቁ አምስት ሰዎች ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ (አንዱ ታሪኩን እየመራ፣ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕሪ ሆነው፣ የሚሞክሩት መሳካት አለመሳካቱን በዳይስ የሚለዩበት የጠረጴዛ ጨዋታ) ሊጫወቱ ሲቀመጡ የሚያስቸግረውም ይኸው ነው፤ አንዱ ጨዋታ ሌላውን ይበላዋል። ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር የሚቀመጥ አጫዋች (ታሪኩን የሚመራውን፣ ዳንጀን ማስተር የሚባለውን ማለቴ ነው) ዝምታ ያስፈራዋል። ከአብሮ አደጎቹ ጋር የሚቀመጠውን የሚያስፈራው ግን «ያኔ ትዝ ይላችኋል?» የምትለዋ ናት። እሷ ከተነሳች ግማሽ ሰዓት ሄደ።

ወሬውን መከልከል አይቻልም፤ ቢቻልም ደስ አይልም። ቦታ ይሰጠው። ቀጠሮው አራት ሰዓት የሚፈጅ ከሆነ የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ለምግብና ለወሬ ነው። ወጥ የነካ እጅ የገጸ ባሕሪውን ወረቀት እንዳያበላሽ፣ ገበታው ሳይነሳ ወረቀት አይወጣም። ቡና የሚፈላ ከሆነ ዕረፍቱን ከቶናው ጋር ማገጣጠም ነው። መጀመሩን የሚያበስር ምልክትም ያስፈልጋል፦ አጫዋቹ «ተረት ተረት» ይላል፣ ጠረጴዛው «የላም በረት» ይመልሳል። የልጅ ነገር ይመስላል፣ ግን ይሠራል። ቀጥሎ ያለፈውን ክፍል ከተጫዋቾቹ አንዱ በሦስት ደቂቃ ይተርከው፤ አጫዋቹ ራሱ ከተረከው ሌሎቹ ምኑን እንደረሱት አያውቅም።

ጓደኛሞች ሲጫወቱ በጣም የሚደጋገመው ስሕተት «እኔም ልሞክር» ነው። በር ላይ የተደበቀ ወጥመድ መፈለግ መካከለኛ ፈተና ነው እንበል፤ በጨዋታው አምስተኛ እትም ሕግ ልኩ፣ ማለትም ለመሳካት ሊደረስበት የሚገባው ድምር፣ 15 ነው። ባለ 20 ገጹ ዳይስ ላይ 3 የሚደምር ሰው 12 ወይም ከዚያ በላይ ሊወጣለት ይገባል፤ ዕድሉ 45 በመቶ ነው። አራቱም ተጫዋቾች በየተራ ከጣሉ ግን ቢያንስ ለአንዱ የመሳካቱ ዕድል 91 በመቶ ይደርሳል፤ ፈተናነቱ ቀረ። መፍትሔው ሕጉ ውስጥ አለ፦ አንዱ ይጥላል፣ ሌላው ይረዳዋል፤ ጣዩ ሁለት ዳይስ ጥሎ ከፍ ያለውን ይወስዳል። ዕድሉ 70 በመቶ ገደማ ይሆናል፣ ፍርሃቱም አይጠፋም። ማን እንደሚጥልና ማን እንደሚረዳ ዳይሱ ከእጅ ሳይወጣ ይወሰን፤ ከተጣለ በኋላ የሚመጣ «እኔም» አይቆጠርም።

ውጊያ ላይ የሚሳሳተው አብዛኛውን ጊዜ አጫዋቹ ነው። አንድ ጭራቅ ብቻውን በአራት ሰው ፊት ከቆመ እሱ አንዴ ሲመታ እነሱ አራት ጊዜ ይመታሉ፤ ውጊያው ሳይሞቅ ያልቃል። ይህን ለማካካስ ጉልበተኛ ጭራቅ ሲመርጡ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ኦገር የሚባለው ግዙፍ ጭራቅ በአንድ ምት ከሕይወት ነጥብ (ሲያልቅ ገጸ ባሕሪው ይዘረራል) በአማካይ 13 ያጎድላል፤ ገና በአንደኛ ደረጃ ላይ ያለ አስማተኛ የሕይወት ነጥቡ 8 ገደማ ነው። አንዱ ጓደኛ በመጀመሪያው ምት ተዘርሮ ሌሎቹን ሲያይ ያመሻል። ከአንድ ኦገር ሦስት አራት ጎብሊን (ትንንሽ ጭራቆች) ይሻላል፦ እያንዳንዱ 7 የሕይወት ነጥብ፣ በአንድ ምት 5 ገደማ ጉዳት።

እንቆቅልሽ ከውጭ ተተርጉሞ ሲገባ ጠረጴዛውን ያደርቀዋል። መልሱ ካልታወቀ በሩ አይከፈትም፣ በሩ ካልተከፈተ ጨዋታው ይቆማል። የእኛው እንቆቅልሽ ግን መውጫውን ይዞ ነው የተወለደው፦ መልሱ ያቃተው «አገር ስጠኝ» ይባላል፣ አገር ይሰጣል፣ መልሱን ይሰማል። እዚህም እንዲሁ ይሁን። ያልመለሰ ቡድን የሚያሳሳውን አንድ ነገር ሰጥቶ ይለፍ፤ የቀረውን ድግምት፣ በቅሎውን፣ ካስፈለገም የገዛ ስሙን።

በአማርኛ ማጫወት እንግሊዝኛው የማይሰጠውን መሣሪያ ይሰጣል። ዘበኛው «አንተ»፣ የቤተ መንግሥቱ መጋቢ «እርስዎ»፣ ባላገሩ «አንቱ» ሲል የማን ማዕረግ የት እንደሆነ ሳይተረክ ይታወቃል። እስካሁን «እርስዎ» ሲል የቆየው መጋቢ ድንገት «አንተ» ካለ ሰይፍ የሚመዝ አይጠፋም። ችግሩ፣ ጓደኛሞች እርስ በርስ «አንተ» መባባል ስለለመዱ ንጉሡንም «አንተ» ይሉታል። እርማት አያስፈልግም፤ የማሳመኑን ልክ ከ15 ወደ 20 ማድረስ ይበቃል። የጨዋታው ሕግ መሠረታዊ ክፍል (ኤስአርዲ 5.1 የሚባለው ሰነድ) እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2023 በክሪኤቲቭ ኮመንስ (ሥራን ለሕዝብ ክፍት በሚያደርግ) ፈቃድ ስለተለቀቀ ምንጩን ጠቅሶ ወደ አማርኛ መመለስም ሆነ ማሰራጨት ይቻላል።

የቆየ ቂም በስርቆት መልክ ይመጣል። «ሲተኛ ቦርሳውን እፈትሻለሁ» የሚል ሲነሳ ዳይስ አይጣል፤ ተሳካ ወይስ አልተሳካም የሚለውን የተሰረቀው ይወስን። ምን ዓይነት ነገር ጨዋታው ውስጥ እንዳይነሳ እንደሚፈልጉም ለየብቻ፣ በስልክ ይጠየቁ። የድሮ ጓደኛ በሰው ፊት ከተጠየቀ «ምንም ችግር የለም» ነው የሚለው።

ከአራቱ ሦስቱ ከተገኙ ይጫወቱ፤ የቀረው ሰው ገጸ ባሕሪ በቅሎዎቹን ይጠብቃል። አንዷ ዋሽንግተን ካለች ሰዓቱ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ፦ «አዲስ አበባ ከምሽቱ 3፣ ዋሽንግተን 2 ፒኤም»። ዝም ብሎ «3 ሰዓት» ከተባለ ሌሎቹ ለአንድ ሰዓት ይጠብቋታል። አሜሪካኖቹ በኖቬምበር ሰዓታቸውን ሲቀይሩ ደግሞ ያው የአዲስ አበባ ምሽት 3 ሰዓት ለእሷ 1 ፒኤም ይሆናል።