ሲፋቅ የማይለቅ ጥርስ

የአክስቴ ልጅ ተወልዳ ያደገችው ወንጂ ነው፣ አባቷ ከሐይቅ ተነስቶ አገዳ ሊቆርጥ ሄዶ እዛው ቀረ። የሆነ ዓመት ለአረፋ እኛ ጋ መጥታ፣ ቡና ተፈልቶ ስንጫወት፣ በሳቀች ቁጥር የሻሿን ጫፍ ወደ አፏ ትወስዳለች። ጥርሷ ቡኒ ቡኒ መስመር አለው፣ የፊቶቹ ሁለቱ ደሞ ጫፋቸው ተሸርፏል። እናቴ አስችሏት ዝም አላለችም፣ መፋቂያ አምጥታ "ፋቂው እንጂ ልጄ፣ ይለቃል" አለቻት። ልጅቷ ቶናውን ሳትጠጣ ተነሳች። እኔም ዝም ብዬ አየሁ፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

አይለቅም እኮ! ቆሻሻ አይደለማ፣ ፍሎራይድ የሚባል ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ማዕድን ያመጣው ነው። ጥርስ ገና ድድ ውስጥ እየተሰራ እያለ፣ እስከ 8 ዓመት ገደማ ማለት ነው፣ ልጁ ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ ከጠጣ የጥርሱ ሽፋን ሲሰራ ጀምሮ ይበላሻል፣ ከዛ በኋላ በከሰል አሹት በጨው አሹት ያው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያ ብሎ ያስቀመጠው በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ግን ከ10 ያለፈ ጉድጓድ አለ፣ ውሃው መሬት ውስጥ ቆይቶ ከእሳተ ገሞራው ድንጋይ እያሟሟ ነው የሚመጣው። ወንጂ ላይ ለብዙ ዓመት የጠጡ ሰራተኞች አጥንታቸው ድረስ ገብቶ አንገት ማዞር፣ ጎንበስ ማለት ያቃታቸው ነበሩ።

እና በጣም የሚያናድደኝ "አፍልታችሁ ጠጡ" የሚባለው ምክር ነው። ማፍላት ለጀርም ነው፣ ውሃ አጋርም ለጀርም ነው። ፍሎራይድ አይተንም፣ ውሃው እየተነነ ሲያንስ እሱ ድስቱ ውስጥ ቀርቶ ጭራሽ ይብሳል። ጣዕም የለው ሽታ የለው፣ ኩልል ያለ ውሃ ውስጥ ነው ያለው።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ በተለይ ከባቲ ቁልቁል ወደ አፋር በኩል ያላችሁ፣ ስምጥ ሸለቆው እናንተም ጋ ነው፣ አዲስ ጉድጓድ ተቆፍሮ ቦኖ ሲተከል የላብራቶሪ ውጤቱን ጠይቁ፣ ፍሎራይድ የሚለው መስመር ላይ ስንት እንደተጻፈ እዩ። የጎረቤት ጉድጓድ ደህና ነው ብላችሁ አትተማመኑ፣ አጠገብ ላጠገብ ሆነው ይለያያሉ። ከፍ ካለ ለልብስና ለገላ ችግር የለውም፣ ለመጠጥና ለወጥ ነው ሌላ መፈለግ፣ መጀመሪያ ለህጻናቱ። የአጥንት ከሰል ማጣሪያ፣ ከተቃጠለ የከብት አጥንት የሚዘጋጀው፣ ይሰራል ግን ጊዜው ሲደርስ ካልተቀየረ ዝም ብሎ ማሳለፍ ይጀምራል።

የአክስቴ ልጅ ራሷ ስትወልድ ያደረገችው የዝናብ ውሃ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ቆርቆሮውን ያጥበዋል፣ እሱን ትለቀዋለች፣ ከዛ የሚመጣውን ሮቶ ውስጥ ታጠራቅማለች፣ በጋ ላይ ሲያልቅ የታሸገ ትገዛለች፣ ለልጇ ብቻ፣ እሷና ባሏ የቧንቧውን ይጠጣሉ።

ባለፈው ሳምንት ፎቶ ላከችልን። የልጇ የወተት ጥርስ ወልቆ የፊቶቹ ሁለቱ ወጥተዋል፣ ነጭ። እናቴ ስልኩን ተቀብላኝ ወደ መስኮቱ ሄዳ አየችው፣ ከዛ "እስኪ ደውይላት፣ እናትየውን ላናግራት" አለችኝ።