ግጭ ከቃጠሎው በኋላ

ጎንደር ውስጥ የ2011ዱ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ቃጠሎ ሲነሳ ብዙ ሰው ፈጥኖ የሚያነሳው ከኬንያ የመጣውን ሄሊኮፕተርና ከእስራኤል የመጡትን የእሳት አደጋ ባለሙያዎች ነው። ውለታቸው አይረሳም። እኔን ግን እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ እነርሱ ከመድረሳቸው በፊት የነበረው ጊዜ ነው።

እሳቱ በመጋቢት ተነሣ፤ ጠፋ ሲባል በሚያዝያ አገረሸ። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር። ገበሬው፣ የደባርቅ ወጣት፣ የፓርኩ ጠባቂ ስካውት እህል ሳይቀምስ ቅርንጫፍ ይዞ ነበልባሉን ሲመታ፣ አፈር ሲበትንበት ይውላል። ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ ባዶ እጅን መሄድ እንኳ ያስተነፍሳል። የእሳት አደጋ መኪና የሚገባበት መንገድ የለም፣ ውኃው ከገደሉ ሥር ነው። ጓሳ የሚባለው የደጋ ሣር በበጋ ደርቆ ስለሚቆም እሳቱ ንፋስ ካገኘ የሚያቆመው የለም፤ አስታ የሚባለው የደጋ ዛፍ ደግሞ ቅባት ስላለው እርጥቡም ይነድዳል። ላዩ ጠፍቶ ሥሩ ውስጥ ለውስጥ ሲጨስ ያድርና በማግሥቱ ከሌላ ቦታ ብቅ ይላል።

ፓርኩ በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017፣ በእኛ በ2009 ነበር። ከ20 ዓመት በላይ በዚያ መዝገብ ቆይቶ፣ ደስታው ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላው ይህ ደረሰ።

ክረምቱ እንዳለፈ በፓርኩ ውስጥ ወዳለው ወደ ግጭ ወጣሁ። ሜዳው አረንጓዴ ነበር። ጎንበስ ብዬ አንዱን ጓሳ ገለጥ አደረግሁት፤ ከጠቆረው ጉቶ መካከል ቀጭን ለምለም ቅጠል ወጥቷል። ሣር በል ዝንጀሮዎቹ ጭላዳዎችም ተበትነው ይግጣሉ። አስታው ግን ሌላ ነው። ከቅርንጫፉ እንደ ሽማግሌ ጢም ይንዠረገግ የነበረው የዛፍ ሽበት የለም፤ ግንዱ ከሰል ሆኖ ቆሟል፣ ስደገፈው እጄ ጠቆረ። ከአንዳንዱ ሥር ቁርጭምጭሚት የማይደርስ ቡቃያ ወጥቷል። ያ ቡቃያ ጥላ እስኪሆን ስንት ክረምት ያስፈልገዋል? ሥር ያልያዘው አፈር ደግሞ በዝናቡ ታጥቦ ወደ ተከዜ ይወርዳል።

ስለዚህ ሰው «ለምልሞ የለም እንዴ?» ሲለኝ ያመኛል። ሣር በአንድ ክረምት ይመለሳል፤ ደን አይመለስም። ዋልያ ደግሞ ከዚህ ተራራ በቀር በዓለም ላይ ሌላ አገር የለውም።

አብሮኝ የወጣውን ስካውት «ጋሼ፣ ያኔ ምን ቢኖራችሁ ኖሮ ይሻል ነበር?» አልሁት። ብዙም አላሰበም። አካፋ፣ ጠንካራ ጫማ፣ በጀርባ የሚታዘል የውኃ መርጫ፣ ከሸንተረር ሸንተረር የሚያገናኝ ሬዲዮ ሲል መለሰልኝ። ጓሳው ሳይደርቅ፣ ከጥር በፊት ደግሞ እሳት የማይሻገረው መስመር መመንጠር ሲል ጨመረ። ከዚህ ውስጥ ከባሕር ማዶ የሚመጣ እርዳታ የሚያስጠብቅ አንድም ነገር አላገኘሁበትም።