ካሎው ጫማዬ ውስጥ ነበር

አዳማ ስብሰባ የሌለበት ሳምንት አታውቅም። ሥልጠናው፣ ዎርክሾፑ፣ ጠቅላላ ጉባኤው ሁሉ ከአዲስ አበባ ወደ እኛ ይወርዳል። ለከተማዋ ሲሳይ ነው፣ ለአስተናጋጅ እግር ግን ፍዳ። ጠዋት 12 ሰዓት ቁርስ ማሰናዳት እንጀምራለን፤ የሻይ ዕረፍት፣ ምሳ፣ የከሰዓት ሻይ እያለ ይቀጥላል፤ እራት ካለ ደግሞ ማታ 3 ሰዓት ላይም እዚያው ነን። ወለሉ ሴራሚክ ነው። ጫማው ጥቁር፣ ዝግና ፊቱ ሾል ያለ መሆን አለበት ተብሏል። ስድስት ዓመት እንዲህ ሠራሁ።

መጀመሪያ ውስጥ እግሬ፣ ከጣቶቼ ሥር ያለው ቆዳ ደደረ። ሰፋ ያለ፣ ቢጫ፣ በጥፍር ቢቧጥጡት የማይሰማ ነገር ነው። ስለማያመኝ ረሳሁት። ቀጥሎ የመጣው ግን የሚረሳ አልነበረም። የቀኝ እግሬ ትንሿ ጣት ላይ የምስር ክክ የምታህል ክብ ነገር ወጣች፤ መሃሏ ላይ ጠንከር ብሎ የሚያንጸባርቅ ነጥብ አለ። ባዶ እግሬን ስሆን ሰላም ነኝ። ጫማውን ሳጠልቅ ግን እሾህ የተሰካብኝ ያህል ነው። ትሪ ይዤ ለእንግዳ ፈገግ እያልኩ በውስጤ ጥርሴን ነክሼ ስንት ቀን እንደሄድኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ጓዳ ውስጥ ሐኪም ያልሆነ ሰው የለም። «ካሎ ነው፣ ሥር አለው፤ ሥሩን ካልነቀልሽው ይመለሳል» አለችኝ አንዷ። ሌላዋ ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጬ ሌሊቱን እንዳስርበት መከረችኝ። አሰርኩ። ሲነጋ ካሎው እንዳለ ነው፣ ዙሪያው ያለው ጤነኛ ቆዳ ግን ተቃጥሎ ውሃ ቋጥሯል። ነጭ ሽንኩርት ቆዳ እንደሚያቃጥል ያን ቀን ተማርኩ። እማዬ ደግሞ «ሶደሬ ሄደሽ አንድ ቀን ተዘፍዘፊ፣ ይለቅሻል» አለች። ፍል ውሃው ቆዳውን አለስልሶ ለሁለት ቀን አሳረፈኝ፣ መንቀል ግን አልነቀለም።

ከፋርማሲ የካሎ ፕላስተርም ገዝቼ ነበር፤ ሳሊሲሊክ አሲድ ያለበት፣ የደደረ ቆዳን የሚያሟሟ። መድኃኒቱ አልበደለኝም፣ በደሉ የእኔ ነው። ፕላስተሩን ሳልቆርጥ እንዳለ ለጠፍኩትና ጤነኛውንም ቆዳ አብሮ ላጠው። በካሎው ልክ ተቆርጦ፣ ዙሪያው ቫዝሊን ተቀብቶ ነው የሚለጠፈው። ማሸጊያው ውስጥ ባለው ወረቀት ላይ ተጽፏል፤ ማን ያነበዋል!

ከዚያ ምላጩ መጣ። እሑድ ነበር፣ ሥራ የለኝም። እግሬን በሳፋ ዘፍዝፌ ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩና በአዲስ ምላጭ መላጥ ጀመርኩ። እውነቱን ልናገርና ደስ ይላል። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ስስ እያለ ሲነሳ ማቆም ያቅታል። «ሥሩ ጋ ልደርስ ነው» እያልኩ ስቀጥል ደሙ ፈሰሰ። በጨርቅ አሰርኩት፣ ሰኞ ያንኑ ጫማ አድርጌ ገባሁ። ረቡዕ ጣቴ አብጦ፣ አመርቅዞ፣ መቅላቱ እስከ እግሬ ጀርባ ወጥቶ ነበር። ጤና ጣቢያ ሄጄ ቁስሉ ታጠበ፣ አንቲባዮቲክ ታዘዘልኝ፣ ሳምንት ያለ ደመወዝ ቤት ተቀመጥኩ።

ያከመችኝ ነርስ ሥር ነቀልኩ ስላት ሳቀች። «ሥር የለውም እኮ እህቴ» አለችኝና የመድኃኒት ማዘዣው ጀርባ ላይ ሥላ አሳየችኝ። ቆዳ ሲጫኑትና ሲፈትጉት ራሱን ለመከላከል ይወፍራል። ጫናው ሰፊ ቦታ ላይ ካረፈ እንደ ውስጥ እግሬ ሰፍቶ ይደድራል። አጥንት ጎላ ባለበት ጠባብ ቦታ ላይ ሲያርፍ ግን የሞተው ቆዳ ይጠብቅና ጫፉ ወደ ውስጥ የሾለ ሾጣጣ ይሆናል፤ የሚወጋንም እሱ ነው። ሥር የምንለው ያንን ሹል ነው። ብትቆርጪው፣ የሚጫነው ነገር እስካለ ድረስ ቆዳው ሌላ ይሠራል። «ጫማሽን አሳይኝ» አለችኝ፤ በነጠላ ጫማ ነበር የሄድኩት።

ወደ ፖስታ ቤት በሚወስደው መንገድ ዳር የሚቀመጡ አንድ ጫማ ሰፊ አሉ፣ ጋሼ ነው የምላቸው። ቁስሉ ሲድን ጫማውን በፌስታል ይዤ ሄድኩ፣ ሰፋ እንዲያደርጉልኝ። እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱና በጣታቸው እየዳበሱ ቆዩ። ከዚያ የእኔን ጣት ይዘው እዚያው ቦታ ላይ አሳረፉት። በትንሿ ጣት በኩል፣ ጨርቁ ከላይኛው ጋር የተሰፋበት ቦታ ላይ፣ ክሩ ተጠቅልሎ እንደ ጠጠር ጠጥሯል። «ልጄ፣ ካሎው ይኸውልሽ፤ እግርሽ ላይ ሳይሆን እዚህ ነው» አሉኝ።

በዚያ አላበቁም። የጫማ ካርቶን ክዳን መሬት ላይ አነጠፉና በባዶ እግሬ አስቆሙኝ። በእስክሪብቶ ዙሪያውን አሰመሩ። ጫማውን ከላዩ ሲያስቀምጡት የእግሬ መስመር በሁለቱም ጎን ከጫማው ውጭ ተርፎ ይታያል፣ በትንሿ ጣት በኩል አንድ ጣት ያህል። እኔ ከተማሪነቴ ጀምሮ 37 ቁጥር ነኝ ብዬ እገዛ ነበር። በየቀኑ ስድስት ዓመት ሙሉ ያንን ሁሉ ሥጋ እዚያ ውስጥ ስጠቀጥቅ ኖሬያለሁ። «ቆዳ ቢሆን ፎርማ አስገብቼ አሰፋልሽ ነበር፣ ይሄ ግን ላስቲክ ነው፣ ተመልሶ ይሰበሰባል» ብለው ጫማውን ሳይነኩት መለሱልኝ። ገንዘብም አልተቀበሉኝም።

ጫማ መግዛት እንደ አዲስ ተማርኩ። ከሰዓት በኋላ እሄዳለሁ፣ ምክንያቱም ስንቆም ስንሄድ ስንውል እግር ያብጣል፤ ጠዋት ልክ የሆነው ማታ ይጠባል። ያንን ካርቶን በእግሬ ቅርጽ ቆርጬ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ነበር፤ ባለሱቆቹ ሳቁብኝ። ሁለቱንም እግር ለክቼ፣ ቆሜ፣ ከረጅሙ ጣቴ ፊት የአውራ ጣት ውፍረት ያህል ባዶ ቦታ መኖሩን አያለሁ። እጄን ወደ ውስጥ ከትቼ ስፌቱን እዳብሳለሁ። በመጨረሻ የገዛሁት 39 ቁጥር፣ ፊቱ ክብ፣ ባለ ማሰሪያ የቆዳ ጫማ ነው፤ የወንድ። የሴቶቹ መደርደሪያ ላይ ለሰው እግር የተሠራ አላገኘሁም። አለቃዬ ሲያየው ዩኒፎርም አይደለም ብሎ ተቆጣ። ጥቁር ነው፣ ዝግ ነው፣ ሳምንት ከምቀር ይሻላል አልኩት። አጉረመረመና ተወኝ። አሁን ሦስት ሴቶች የወንድ ጫማ ያደርጋሉ፣ ደፍሮ የተናገራቸው የለም።

ካሎው ወዲያው አልጠፋም። በሳምንት ሁለት ሦስቴ ማታ ለብ ባለ ውሃ አሥር ደቂቃ ያህል እዘፈዝፈውና በድንጋይ ቀስ ብዬ እፈትገዋለሁ። ድንጋዩ ያ ቀዳዳ የበዛበት፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው፣ ብሎኬት የሚያመርቱት ሰዎች ፑሚስ የሚሉት ነው። በእኛ ስምጥ ሸለቆ እሳተ ገሞራ የተፋው ነገር ስለሆነ አዳማ አካባቢ ብርቅ አይደለም፣ ግን ጠርዙ ሻካራ ስለሚሆን የሱቁን ለስለስ ያለውን እመርጣለሁ። ትንሽ ብቻ አንስቼ አቆማለሁ። ሮዝ ቆዳ ከታየ ወይም መለብለብ ከጀመረ አልፌያለሁ ማለት ነው። ከዚያ አደርቅና ዩሪያ ያለበት ቅባት እቀባለሁ፤ አዎ፣ ስሙ የማዳበሪያው ስም ነው፣ ደረቅ ቆዳን ግን በደንብ ያለሰልሳል። በጣቶቼ መሃል አልቀባም፣ እርጥበት እዚያ ሲቆይ ፈንገስ ይጠራል። ሦስት ወር ገደማ ሲሆነው ትንሿ ጣቴ ላይ ጠቆር ያለ ምልክት ብቻ ቀረ።

በሥራ ቤታችን የእግር ሐኪም ተደርጌ ስለተሾምኩ የማየው በዛ። ሁሉም ካሎ አይደለም። ዕቃ አጣቢያችን ውስጥ እግሩ ላይ ያለውን በድንጋይ ሲፈትግ ኖሯል፤ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች ነበሩበት፣ ከላይ ሲጫኑት ሳይሆን ከጎን ቆንጠጥ ሲያደርጉት ያመዋል። ጤና ጣቢያ ሲሄድ የቆዳ ኪንታሮት ነው አሉት፤ ያ በቫይረስ የሚመጣና የሚጋባ ስለሆነ የፈተገበትን ድንጋይ ሳይቀር መጣል ነው።

የምፈራው ግን እማዬን ነው። ስኳር አለባት። የእኔ ጣት ሲድን አይታ፣ ተረከዟ ላይ ያለውን ንቃቃት በዚያው ፕላስተር ልትሞክረው አውጥታ ይዛዋለች። ቀማኋት። ስኳር የእግርን ነርቭ ስለሚያደነዝዝ ቢቆረጥም ቢቃጠልም ላይሰማት ይችላል፣ የደም ዝውውሩ ከደከመ ደግሞ ትንሽ ቁስል ለመዳን እምቢ ትላለች። ለእሷ ምላጭም፣ አሲድ ያለው ፕላስተርም፣ ፍል ውሃም የለም። «ታዲያ የሶደሬውን አንቺ ለምን ሄድሽ?» ብላ አኮረፈችኝ። የደደረው ክትትል የምታደርግበት ቦታ በባለሙያ ይነሳላታል። እኔ ማታ ማታ እግሯን በለብታ አጥቤ፣ ውሃውን አስቀድሜ በክርኔ ለክቼ፣ በጣቶቿ መሃል ሳይቀር አደርቅና ከታች በኩል በትንሽ መስታወት አያለሁ። ባለፈው አንድ ቀን ጫማዋ ውስጥ የሸሚዝ ቁልፍ አገኘሁ። ቀኑን ሙሉ ስትረግጠው ውላለች፣ አልተሰማትም።

ቅዳሜ የአክስቴ ልጅ ሰርግ አለ። ሾል ያለው ጫማዬን አልጣልኩትም፣ ቀሚሱ ያለ እሱ አያምርም። ፎቶው እስኪያልቅ አደርገዋለሁ፤ የወንዱ ጫማ ጠረጴዛ ሥር በፌስታል ይቀመጣል።